በሐጂ ግቢ የሚያልፈው መንገድ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 10፡00

ሦስተኛው ፕላንም ተመለሰ። ሐጂ ይማም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አገላበጡት። ጣታቸውን መሃሉ ላይ አሳረፉና ይሄ ባዶ ምንድን ነው አሉ። መተላለፊያ ነው አልኳቸው። ሁለት ሱቅ በላብኝ አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ እሱ ነው የሚብሰው።

ካንቺ ምን እደብቃለሁ ማስታወሻዬ፣ ከፍቶኛል። ከደሴው የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ወጥቼ በራሴ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ነው። ቦታው እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ። ፊቱ አስፋልት፣ ጀርባው ገበያ። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አሮጌ ቤታቸውን አፍርሰዋል፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሊሠሩ ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ የሚከራይ መኖሪያ። ግን ግቢው በር ኖሮት አያውቅም። ሰዉ ከአስፋልት ወደ ገበያ በመሃሉ ነው የሚሻገረው። ፎቁ ሲቆም በየት ሊያልፍ ነው?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ከፈረሰው ቤት ድንጋይ አንዱ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን አያለሁ። ዓሣ በሣፋ የተሸከሙ ሴቶች፣ ከሐይቁ ዳር። ደብተር በብብታቸው የያዙ ልጃገረዶች። በግ የሚጎትት ሰውዬ፤ በጉ መሃል መንገድ ላይ ተኝቶ እምቢ አለው፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ምክር ሰጠ።

እማማ ጥሩነሽም መጡ። ከግቢው ጀርባ የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው፤ ጉልበታቸው ታማሚ፣ በከዘራ የሚሄዱ። እዚህ ከተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ቁልቁለቱን ዞረው ነው። መንገዱን የተወችላቸው የሐጂ ሟች ባለቤት ዘሐራ መሆኗን ነገሩኝ። በር አታንኳኩ፣ እለፉ ትል ነበር አሉ።

ፕላኔን ላሳያቸው ብዬ መሬት ላይ በእንጨት ጫርኩላቸው። በሁለቱ መስመር መሃል በከዘራቸው ሄዱልኝ፣ እስከ ጫፉ። ከዚያ ብርሃኑ በየት ነው የሚገባው ብለው ጠየቁኝ። ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ላዩ ፎቅ። 

«እንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥማ ሰይጣንም ብቻውን አይገባ» አሉኝ።

ስንት ዓመት ተምሬ! አፈርኩ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ ማታ 1፡00

ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛዬ አልተነሣሁም። መሃሉን ወደ ሰማይ ከፈትኩት። መተላለፊያው እዚያ ሲደርስ ይሰፋል፣ ትንሽ ግቢ ይሆናል። ደረጃው ከዚያ ይነሣል። ላይ ያሉት ቤቶች በራቸው ወደ ሰፊ በረንዳ፤ በረንዳው ዙሪያውን ግቢውን ያያል። ልብስ ማስጫ፣ በርበሬ ማስጫ፣ ልጆች መጫወቻ። ጎረቤት ከጎረቤት ሳይጠራራ የሚተያይበት።

ጥሩ ሥዕል ነው። ለራሴ ማለት ይቻላል አይደል? ጥሩ ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 11፡00

የሐጂ ልጅ ኑሩ ከደሴ መጣ። ነገረ ሥራው ፈጣን፣ ጨዋ። ሥዕሉን አየ፣ አደነቀ፣ ከዚያ አጠፈው። እኛ የምንሠራው ቤት ነው፣ መንገድ የመንግሥት ሥራ ነው አለ። ሰዉ ቢዞር የሚሞት የለም። ኮምቦልቻ ሌላ ባለሙያ አለ፣ በሳምንት ይጨርሳል። አባቱ ወለሉን ወለሉን ያያሉ።

የሚያናድደኝ ልክ መሆኑ ነው። ሐጂ አርጅተዋል፣ የሚጦሩት በዚህ ኪራይ ነው። ስለ ሰማይና ስለ በረንዳ ሳወራ የሰው ጡረታ እየቆረስኩ ነው? እስከ ሰኞ ወስኑ ብያቸው ወጣሁ። እግሬ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። ታንኳ ላይ ያለ ሰው መረቡን ሲፈታ ቆሜ አየሁ። ቸኩሎ አያውቅም። ትንሽ ተሻለኝ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00

ውሳኔ የለም። ልብስ ሰፊው አቶ ታደሰ አረፉ፣ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው የዋለው። የሐጂን ጨርቅ ሲሰፉ የኖሩ፣ የቅርብ ወዳጃቸው። መኖሪያቸው አስፋልቱ ዳር ያለው አዲስ ፎቅ፣ ሦስተኛው ላይ።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ደረጃው ጠባብ ነው። ቃሬዛው መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። ወንዶቹ በደረጃው መደገፊያ ላይ አንስተው፣ አቁመው ማለት ይቻላል፣ በገመድ አስረው አወረዱት። ሚስታቸው ከላይ እያዩ። ኧረ ቀስ፣ ኧረ ቀስ ይሉ ነበር፣ እንደ ሕያው ሰው። ሴቶቹ ደረጃው ላይ አንዷ ከአንዷ በታች ተደርድረው ያለቅሳሉ፤ የሚወጣ ሰው ሲመጣ ይነሣሉ።

ድንኳን መትከያ ደግሞ የለም። ከታች ሁሉም የሱቅ በር ነው። ሐጂ ወደራሳቸው ባዶ ቦታ ሄዱ፣ ፍርስራሹን አስጠረጉ፣ እዚህ ትከሉ አሉ። ምንጣፍ ከቤታቸው አስመጡ። ንፍሮው እዚያ ተዞረ፤ ቄሱም ሼሁም እዚያ ተቀመጡ። ኑሩ ውሃ ሲያድል ዋለ። 

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡00

ሠልስቱ ትናንት አለፈ። ዛሬ ድንኳኑ ሲነሣ ሐጂ አስጠሩኝ። የተረፈ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ቦታ ሰጡኝ። የተጠረገውን መሬት እያዩ፦

«የኔ ጀናዛስ በየት ሊወጣ ነው፣ ልጄ?»

አብሽሩ፣ አይዞዎት፣ ዕድሜ ይስጥዎት ማለት አቃተኝ። እዚህ አልኳቸው፣ በእጄ መሃሉን እያሳየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ኖራ አምጪ አሉ።

መስመሩን ዛሬውኑ አወጣነው፣ በሲባጎና በኖራ። ሥዕሉን አላመኑትም፣ እግራቸውን ነው ያመኑት። የደረጃውን መታጠፊያም መሬት ላይ እንዳሰምር አዘዙኝ። ከዚያ ከጎረቤት ረጅም መሰላል አስመጡ፤ በቃሬዛ ፈንታ። አራት ሰው ተሸክሞ መስመሩን ሳይነካ እንዲዞር። አንዱን ጫፍ ኑሩ ያዘ። መጀመሪያ ዞረው ኖራውን ረገጡት። እኔ ያሰፋሁት መስሎኝ ነበር! ኑሩ መሰላሉን አስቀመጠ፣ ሲባጎውን ከእጄ ወሰደና ችካሉን አንድ እርምጃ ወደ ሱቁ በኩል ገፋው። እንደገና አሉ ሐጂ። መሰላሉ ዞረ።

«እንዲያ ነው» አለ ኑሩ፣ ለማንም አይደለም።

ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ እንዳላየ ሰው ሲባጎ ጠቀለልኩ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ኑሩ ደወለ። ሁለቱ የጎደሉት ሱቆች ለምን አንደኛው ፎቅ በረንዳ ላይ አይሆኑም? ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ቤት፣ ሰው ፈልጎ የሚወጣላቸው። ሰዉ በታች ካለፈ ቀና ብሎ ያያቸዋል። የሚገርመው እኔ አላሰብኩትም። ይኸው እየሣልኩት ነው፣ ያምራል። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፤ ቤቱን የራሱ አደረገው። በሬዲዮ አምባሰል ይዘፈናል፣ መስኮቱ ክፍት፣ ከጎረቤት የሚጠበስ ዓሣ ይሸታል። ርቦኛል። ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 11፡00

ሐጂ በቃል አልረካ አሉ። እኔ ሟች ነኝ፣ ኑሩም ልጆች ይወልዳል፣ አንዱ ተነሥቶ መተላለፊያው ላይ በር ይገጥማል። በወረቀት ይሁን። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የተቀመጠው ሰውዬ ደግ ነው፤ መሳቢያውን ሁሉ ፈተሸ፣ እንዲህ ላለ ነገር ፎርም የለንም አለኝ። በነጭ ወረቀት ጻፉት፣ ከፕላኑ ጋር አያይዤ አስቀምጠዋለሁ አለ።

በሐጂ ሱቅ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅል መሃል፣ እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። «ከአስፋልት እስከ ገበያ ያለው መተላለፊያ የአላፊው ነው። ብሞትም፣ ቤቱ ቢሸጥም፣ በር አይገጠምለትም።» ፈረሙ። ኑሩ ፈረመ። እማማ ጥሩነሽ እንደ ጎረቤት ምስክር ጣታቸውን ነከሩ፤ ቀለሙን አይተው ይሄ በምን ይለቃል አሉ። ሐጂ ዘይት አስመጡላቸው። ስለ ዘሐራ አነሡ፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ነገር፣ እያሳሳቃቸው። ወረቀቱን ይዤ ልወጣ ስል ቆምኩ።

ሥራው ሲያልቅ ወደ ደሴ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ዛሬ ሌላ ነገር አፌን አመለጠኝ፤ ግን ሳስበው ቆይቻለሁ መሰለኝ። ከበረንዳው ቤቶች አንዱን፣ ከደረጃው ራስ ያለውን ትንሹን፣ ለኔ አከራዩኝ አልኳቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አወረዱ፣ በደንብ አዩኝ። እዚያኛው ጥሩ አይደለም አሉ፤ ሲወጣ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ በደጅሽ ነው፣ ጫጫታ አለው።

«አውቃለሁ፣ ሐጂ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ እኮ የሣልኩት።»