«አይነበብም» የሚለው ቁልፍ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ከኅዳር 1 ጀምሮ ማሽኑ የሐኪም ማዘዣ ብቻውን ያነባል። ከአሥራ አንዳችን የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ማስታወቂያው ጠዋት በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘነው።

ከዚያ በቀር እንደ ሌላው ቀን ነው የዋለው። ከወንበር መሸጫው በላይ ያለችው ክፍል፣ አሥራ አንድ ጠረጴዛ፣ አሥራ አንድ ስክሪን። መድኃኒት ቤቶች የማዘዣውን ፎቶ ይልካሉ፣ ማሽኑ ያነባል፣ እኛ እናርማለን፣ መልሱ ይሄዳል። ደንበኛው የሚያውቀው ማሽኑን ብቻ ነው። አብራን የምታርመው የቀድሞዋ ነርስ ማስታወቂያውን አንብባ፦ «ሰው ሠራሽ ነው ያሉት እውነታቸውን ነው። እኛው አይደለን የምንሠራው?» አለች። ሳቅን።

ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ስሜ ዛሬም አናት ላይ ነው። ዘጠኝ መቶ ማዘዣ በቀን። ማዘዣውን ሳይነበብ ወደ መድኃኒት ቤቱ የሚመልሰውን «አይነበብም» የሚለውን ቁልፍ የተጫንኩት፦ ዜሮ። ነርሷ ከታች አንደኛ ናት። አብረውን የሚሠሩት ልጆች «እትዬ አይነበብም» ይሏታል። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል የሠራች ሴት... የሐኪም ጽሑፍ እንዴት ያቅታታል?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

አለቃችን ጠራኝ። ቶሎቶሎ ነው ቅጽል ስሙ። ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው።

«ጋሼ፣ የሚቀሩት እርስዎ ነዎት። ተቆጣጣሪ ብለንዎታል።»

«ነርሷስ?»

«ከአምስት አንዱን አይነበብም ትላለች። እኛ የምንሸጠው ማንበብ ነው፣ ጋሼ።»

ከሁሉም ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት። በ21።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «እሰይ። ጋዜጣው ሲዘጋ ሁለት ወር ጣሪያ ስትቆጥር ከርመህ... ሁለተኛ አልችለውም ነበር» አለች። እኔም አልችለውም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ከትናንት ጀምሮ ለሙከራ የማዘዣውን ሩብ ማሽኑ ብቻውን ይመልሳል። ዛሬ አንዲት መድኃኒት ቀማሚ ደረጃውን ወጥታ መጣች። ነጭ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። በእጇ ማዘዣ። ለአንዲት አሮጊት የታዘዘ የደም ማቅጠኛ ነው። ማሽኑ «በቀን ሁለት» ብሎ መልሷል። ሐኪሙ ጋ ደውላ ስታጣራ «በሁለት ቀን አንድ» ነው ያላት።

«እኚህን ሴትዮ ስድስት ዓመት አውቃቸዋለሁ። ባላውቃቸው ሰጥቻቸው ነበር። ማነው ያነበበው?»

አሥራ አንዳችንም ወደ ማሽኑ ጠቆምን። እንደ ተማሪ።

ፎቶውን አየሁት። ወረቀቱ ልክ ቁጥሩ ላይ ታጥፏል፤ ከእጥፋቱ በታች ምንም አይታይም። እኔም ግን «በቀን ሁለት» ነበር የምለው። ለምን?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ማሽኑን የምታስተምረውን ፕሮግራመር ጠየቅኋት። ይህን አነባበብ ማሽኑ ከየት አመጣው?

«ከእርስዎ ነዋ፣ ጋሼ። ከዓመት በፊት ጀምሮ የምንመግበው የእርስዎን እርማት ብቻ ነው። አንድም ባዶ የለውም፣ ንጹህ ነው።»

«የሌሎቹስ?»

«የሌሎቹ ይረብሸዋል። በተለይ የነርሷ።»

ምስጋና ነበር የመሰላት።

ሃያ ስድስት ዓመት የጋዜጣ አራሚ ነበርኩ። ባዶ ቦታ ይዞ የሚወጣ ገጽ አልነበረንም። ቃሉ ካልተነበበ፣ ጸሐፊው ካልተገኘ፣ የሚመስለውን ትሞላለህ። ከተሳሳትክ በማግስቱ ገጽ ሁለት ላይ በትንሹ «እርማት» ታወጣለህ፤ አለቀ። እጄ የለመደው ይህን ነው። ለተዋጠ እንክብል ግን ገጽ ሁለት የለውም...

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

በምሳ ሰዓት ነርሷን አስቀረኋት። ካለፈው ዓመት ማዘዣዎቼ ሁለት መቶውን መርጬ ከፈትኩላት። መልሴን በወረቀት ሸፍኜ አንብቢ አልኳት። ሠላሳ አንዱን አይነበብም አለች።

«የመጀመሪያው ፊደል እኮ ይታያል፣ እትዬ።»

«አንተ ሰው፣ ታነባለህ ወይስ ትጠነቁላለህ?»

ከሠላሳ አንዱ ለአሥሩ ወደየመድኃኒት ቤቱ ደወልን። ሰባቱን በትክክል ገምቻለሁ። ሦስቱን ስቻለሁ። ሁለቱን መድኃኒት ቤቶቹ ያኔውኑ ደርሰውበት አስተካክለዋል። ሦስተኛው የሕፃን ሽሮፕ ነው። ልኩ እጥፍ ሆኖ ተሰጥቷል። የዚያ መድኃኒት ቤት ቀማሚ ደነገጠች፤ እናትየዋ ጋ ደውላ ልታሳውቀን ነው። እስካሁን ስልኳ አይነሳም።

«ያበላሹህ ሰባቱ ናቸው» አለችኝ ነርሷ፣ ያልበላችውን ዳቦ እየጠቀለለች።

የቀሩት ሃያ አንዱስ? የቀረው ዓመትስ?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ስልኩ አልተነሳም። እኔም ለቶሎቶሎ አልነገርኩም። ስሜ አናት ላይ ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

አልነገርኩም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

የነርሷ የመጨረሻ ቀን። ሹራቧንና ኩባያዋን በአንድ ፌስታል ያዘች። «እትዬ አይነበብም» ያሏት ልጆች ሁሉ ተሰልፈው ሳሟት። አንዱ፦ «ፊርማሽን ትተሽልን ሂጂ» አላት። «አታነቡትም» አለች።

ደረጃው ላይ ተከተልኳት። ልነግራቸው ነው አልኳት።

«ለኔ ብለህ ከሆነ ተወው፤ እኔ ሄጃለሁ። ለሽሮፗ ልጅ ከሆነ ግን...» ፌስታሉን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ ወረደች።

አሥር ሰዓት ላይ ቀማሚዋ ደወለች። እናትየዋ ቁጥር ቀይራ ኖሯል። ሕፃኗ ደኅና ናት። ሽሮፑን አንዴ አቅምሳት ስላስመለሳት ደፍታዋለች። ያዳናት የሽሮፑ ምሬት ነው። እኔ አይደለሁም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ተናገርኩ። አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ ለቶሎቶሎ ሰጠሁት። ሁለት መቶውን፣ ሠላሳ አንዱን፣ ሦስቱን፣ ማሽኑ የተማረው ከማን እንደሆነ። ከኅዳር 1 በፊት ይቁም፣ ያለፉት ሁሉ ይፈተሹ፣ የሚልም አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ አየሁት።

«ይህ ወረቀት መጀመሪያ የሚያስወጣው እርስዎን ነው። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«እንደገና ይማር ካልን ስምንት ወር ነው፣ ጋሼ። ማን ይጠብቀናል?»

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አልኩት። አፌን ብይዘው በወደድኩ።

ፈገግ አለ። «ቅጽል ስሜን የማላውቀው ይመስላችኋል?» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ አወጣና እጥፋቱን በእጁ ዳመጠው። «ለቦርዱ አቀርባለሁ። ቃል የምገባልዎት ይህን ብቻ ነው።»

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ለባለቤቴ ጠዋት ነገርኳት። «ማን ጠየቀህ? ማንም ሳይጠይቅህ...» አለች። እውነቷን ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም።

ከእራት በኋላ የደም ግፊት መድኃኒቷን አወጣች። ውሃ ቀዳች። እንክብሉን መዳፏ ላይ አደረገች። ብልቃጡን ወደ መብራቱ አስጠግታ የተለጠፈውን አነበበች።

«ይሄንንስ ማነው ያነበበው?»

አላውቅም አልኳት። ሳትውጠው ወደ ብልቃጡ መለሰችው።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

አብረን ሐኪሟ ጋ ሄድን። ልክ ነው፣ በቀን አንድ። ስንመለስ ክንዴን ያዘች።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ዛሬ «አይነበብም»ን መቶ አርባ ሁለት ጊዜ ተጫንኩ። መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ ይል ነበር፤ እየመለስኩ እየደገምኩ... ከሰዓት ላይ ለመደ። ጨርሼ የመለስኩት አራት መቶ ብቻ ነው።

ልጆቹ ስክሪኑን እያዩ ይንሾካሾካሉ። «ጋሼ፣ መነጽር ጠፋብዎ?» አለኝ አንዱ። ስሜ ከታች ሁለተኛ ነው። ከኔ በታች ነርሷ ብቻ ናት፤ ስሟን ገና አላነሱትም።

ፕሮግራመሯ መውጫ ሰዓት ላይ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «የነርሷን እርማቶች በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስቤያቸዋለሁ። ከጠየቁኝ... ዝግጁ ነው።» ካልጠየቋትስ?

ቦርዱ የሚሰበሰበው ሰኞ ኅዳር 1፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ማሽኑ ብቻውን ማንበብ የሚጀምረው አራት ሰዓት ላይ።