ሁለት ሰው የምትይዝ ጀልባ

ጥቅምት 6

አሥራ ሰባት ኮት ተኮስኩ። ከኪስ የወጣ፦ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ጉትቻ፣ የታኘከ ማስቲካ በወረቀት ተጠቅልሎ። ሁሉንም በየኮቱ ቁጥር በፌስታል አሰርኩ። ማስቲካውንም። የሰው ንብረት ነው፤ ከጣለም ባለቤቱ ይጣለው።

ቤት ገብቼ መጽሐፌን ከፈትኩ። ሁለት ገጽ። ሻይ። ማንም አልደወለም።

ጥቅምት 9

ዛሬ ጥፋት አጠፋሁ።

ከአንድ ደንበኛዬ፣ ከጥርስ ሠሪው፣ ግራጫ ኮት ኪስ የመጫወቻ ካርድ ወጣ። ፊቱ ላይ ቀይ ወፍ፣ ጀርባው ላይ የሚፋቅ ብርማ ቀለም። እንዲህ ያለውን አውቃለሁ። እንዴት አላውቅም...

ተጨማዶ ነበር። የተጨማደደ ነገር ለደንበኛ መመለስ አልወድም። ጨርቅ ጣል አድርጌበት ካውያውን አሳረፍኩ። ቀጥ አለ። ጨርቁን ሳነሳው ብርማው አብሮ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ኮድ ፍንትው ብሎ ወጣ።

ነገ ኮቱን ሊወስድ ይመጣል። ምን ልበለው?

ጥቅምት 10

እንዳለ ነገርኩት።

«በካውያ?»

«ጨርቅ አድርጌበታለሁ እኮ» አልኩ። እንደዚያ ሲባል የሚቀል መስሎኝ።

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ አስረዳኝ። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ባለው ጨዋታ ውስጥ ሲያስገቡት አንድ ዕቃ ይከፍታል። ልብስ፣ ቤት፣ ጀልባ። አንዴ ብቻ። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያልተፋቀውን ነው።

«የተፋቀ ሞልቷል። የተተኮሰ ግን ሰምቼም አላውቅ። ይውሰዱት እናቴ፣ ለታሪክ ይሁንዎ።»

ሊወጣ ሲል ከአፌ አመለጠኝ። «ነጭ ጀልባ የሚባል ካርድ ታውቃለህ?»

ዞር አለ። «እርስዎ ነጭ ጀልባን ከየት ያውቋታል?»

የካውያውን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። እሱም አልገፋም። ሰብሳቢዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ጀርባ ካርድ ይለዋወጣሉ አለኝ። «ይምጡ» ብሎኝ ሄደ።

ጥቅምት 11

ልጻፈው። ለራሴም ጽፌው አላውቅ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ባሌ ተኝቷል፤ ሳንባው እምቢ ብሎታል። ልጃችን አሥራ ስድስት ዓመቷ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ በሱ ስልክ አብረው ይጫወታሉ። ከደሴት ደሴት እየሄዱ ዓሣ ያጠምዳሉ። ሌላው ጀልባ ሁሉ አንድ ሰው ነው የሚይዘው፤ ነጯ ብቻ ሁለት። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ሰውዬው እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። እሱ አንቀላፍቷል። እሷ ካርድ በሳንቲም ትፍቃለች።

«አባትሽ እየሞተ አንቺ ካርድ ትፍቂያለሽ?»

እጅጌ ላሳጥር መቀስ ይዤ ነበር። ካርዱን ነጥቄ መሐል ለመሐል ቆረጥኩት። አልጮኸችም። ግማሹ መሬት ወደቀ፤ አነሣችው። ግማሹ እኔ እጅ ቀረ።

«እስኪነቃ እየጠበቅኩት ነበር» አለች።

በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ጠዋት ላይ «ጀልባዋ መጣች?» አለኝ። ቅዠት መሰለኝ። «ተኛ» አልኩት። ለሷም አልነገርኳት። እስከ ዛሬ።

ትምህርቷን እንደጨረሰች ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ሄደች። በዓመት ሁለት ሦስቴ ትደውላለች። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። በቃ።

ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከሱ ሞት በኋላ፣ ብቻዬን፣ ደንበኞች በተዉት ጋዜጣ ነው። አንድ ቀን ግማሹን ካርድ ከመሳቢያ አወጣሁት። ፊቱ ላይ ግማሽ ነጭ ጀልባ አለ። ከግማሹ ኮድ በታች የልጄ እጅ ጽሑፍ አለ፤ በእስክሪብቶ። «ለአባዬ እና» ይላል። ከዚያ መቀሱ አልፎበታል።

እና... ምን?

ጥቅምት 13

ሄድኩ። ጠባብ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ትልልቅ ሰዎች ካርድ ዘርግተው። ጥርስ ሠሪው «በካውያ የተኮሱት እሳቸው ናቸው» ብሎ አስተዋወቀኝ። ስሜን የጠየቀኝ የለም። ካውያ ተባልኩ፣ ቀረ።

ግድግዳው ሥር የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነጭ ጀልባ አሏቸው። ሙሉ፤ ያልተፋቀ። በላስቲክ ውስጥ እንዳለ አሳዩኝ። እንዳልነካት እጄን ከጠረጴዛው በታች አደረግኩ።

«አይለወጥም» አሉ።

ኅዳር 4

ሙያዬ እዚያም ያገለግላል። ካርድ ላይ የተጣበቀ የዋጋ ወረቀት በእንፋሎት አነሣለሁ። ራቅ አድርጌ፤ በጥፍር ሳልነካ። የሠራሁላቸው አንድ አንድ ካርድ ይሰጡኛል። አሥራ አንድ ደረሱ።

እዚያ ስሆን አወራለሁ። ከዚያ ስወጣ ወሬው ያልቅብኛል። ቤት ስደርስ ቁልፉን አስገብቼ ትንሽ ቆሜ አዳመጥኩ። ምን እሰማለሁ ብዬ?

ኅዳር 25

ሃያ ሦስት ካርድ። ሁሉንም መምህሩ ፊት ዘረገፍኩ። አንድ በአንድ እያነሡ መለሱ። ቀዩ ወፍ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በዚህ ዕድሜዬ ያላየሁት ካርድ ያለ አይመስለኝም ነበር። የተተኮሰ! አንድ ብቻ ነው እኮ ያለው።»

«ሃያ ሦስቱንም ይውሰዱት መምህር። ጀልባዋን ይስጡኝ።»

ብዙ አሰቡ። «ምን ልታደርጊባት ነው እህቴ?»

«የሰባበርኩትን ልተካ።»

ሰጡኝ።

ኅዳር 27

ጀልባዋን ለልጄ በፖስታ ላክሁላት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላውን ስጽፍ ስሰርዝ... ተውኩት።

ታኅሣሥ 5

ምንም።

ታኅሣሥ 11

ዛሬም ምንም። አንድ ሱሪ ሁለት ጊዜ ተኩሼ ሁለት መስመር አወጣሁበት። ይኸው ነው ውሎዬ።

ታኅሣሥ 15

ካርዱ ተመልሶ መጣ። ከነላስቲኩ። ከልጄ አንድ መስመር ብቻ፦ «ይሄ የኛ አይደለም።»

የኛ... የሷና የአባቷ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ያበላሸውን አዲስ ገዝቶ እንደሚተካ ሠራተኛ... ኮቱ የተቃጠለበት ሰው ሌላ ኮት ሲሰጡት «የኔን» እንደሚል እኔ አጣሁት? ስንቴ ተጨቃጭቄበታለሁ።

ታኅሣሥ 16

ጀልባዋን ለመምህሩ መለስኩ። ካርዶቼን ሊመልሱ አወጧቸው። ቀዩን ወፍ ብቻ ወሰድኩ።

«ከሁሉም እሱን ባትወስጂ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ቀልድ መሰለኝ፤ አልነበረም።

የተቆረጠ ካርድ ኮድ ይሠራል ወይ አልኳቸው። ጨዋታው እስካለና ማንም እስካላስገባው ድረስ ኮድ አይሞትም አሉኝ። ግን ሙሉውን ይፈልጋል።

ታኅሣሥ 18

ለልጄ ደብዳቤ አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ አራተኛውን ላክሁ። የፊደል ስህተት አለበት፤ ይሁን። አባቷ በመጨረሻው ጠዋት «ጀልባዋ መጣች?» ብሎ እንደጠየቀኝ። «ተኛ» እንዳልኩት። አሥራ አንድ ዓመት እንደደበቅኳት። ያን ጊዜ ጽሑፏን ማንበብ እንደማልችል... እሱን ሰረዝኩት። ብችልም እቆርጠው ነበር። ተናድጄ ነበር።

ግማሿን ካርድ አብሬ ጨመርኩ። ፖስታውን ካሸግኩ በኋላ ኮዱን እንዳልገለበጥኩ ትዝ አለኝ። ልክፈተው? አልከፈትኩትም። ሁሉም እሷ ጋ ይሁን።

መሳቢያው ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት።

ታኅሣሥ 29

ደወለች። ምሳ ሰዓት ላይ፤ እንፋሎቱን አጥፍቼ ጓሮ ወጣሁ።

«እንደዚያ ብሎ ጠየቀ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ ቅዠት መሰለኝ። ሲገባኝ ደግሞ ፈራሁሽ።»

ዘጋች ብዬ ስልኩን አየሁት፤ አልዘጋችም።

«ከ‹እና› ቀጥሎ ምን ነበር የጻፍሽው?» አልኳት።

«‹ለእኔ› ነዋ። ምን መሰለሽ?»

«እንጃ።»

«ላንቺ ቦታ አልነበራትም። ሁለት ሰው ነው የምትይዘው።»

«አውቃለሁ።»

«ግማሾቹ ገጥመዋል። ኮዱን ገና አላስገባሁትም» አለችና ዘጋች።

የምመኘው ሌላ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ጀምሮ ከ«እና» በኋላ እኔ እኖር ይሆን እል ነበር። የለሁም። ግን እውነቱን ነገረችኝ። ወደ ካውያዬ ተመለስኩ።

ጥር 4

መልእክት፦ «ቅዳሜ አሥር ሰዓት። ጨዋታውን ስልክሽ ላይ አስጭኚ።»

ጥርስ ሠሪውን ለመንኩት። እየሳቀ ጫነልኝ። ስም ምረጡ ይላል። ሌላ ምን አለኝ፤ «ካውያ» አልኩ።

ጥር 7

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሬን መስኮት ዳር አድርጌ ተቀመጥኩ። አሥር ላይ ደወለች።

«ድምፁን ክፈቺውና ስልኩን ዝቅ አድርጊው። ታይሻለች?»

ባሕር። የእንጨት መቆሚያ። ነጭ ጀልባ። ፊት ለፊት ልጄ መቅዘፊያ ይዛ። ኋላ አንድ ባዶ መቀመጫ።

«መጣች» አልኩ። ለማን እንዳልኩት እሷም ገባት።

«በይ ግቢ።»

«ምኑን ልንካ?»

«ቢጫውን። እሱ አይደለም፤ እሱ ይጥልሻል... እማዬ ቢጫውን!»

ውኃ ውስጥ ገባሁ። በስንት መከራ ወጣሁ። ተቀመጥኩ።

«ካውያ ደግሞ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ከኪስ ከወጣው ወፍ ጀምሬ።

«በካውያ?» አለች። ልክ እንደ ጥርስ ሠሪው።

«ጨርቅ አድርጌበታለሁ እኮ።»

በአፍንጫዋ ሳቀች፤ እንደ አባቷ። ከዚያ እሷ ቀዘፈች፤ እኔ ውኃውን አየሁ። ሦስት ደሴት አለፍን። ዓሣ አልያዝንም።

ስትዘጋ «ቅዳሜ» አለች።

ሻዩ ቀዝቅዟል። መጽሐፉን ዛሬ አልከፈትኩትም።