«ይበሉ» የምትለው ቃል

ልጄ ሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጀርባሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ወንበሩ ላይ እንደተጣበቅሽ ነሽ? ባልሽ፣ አማትሽ፣ ትንሿስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ዓይኔ ብቻ መርፌ ላይ ይለግማል። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር እንዳለ ነው፤ ለዚህ መድኃኒት የለም።

የጻፍኩልሽ ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ያ ለጀማሪ ብለሽ በአማርኛ የሠራሽው የፕሮግራም ቋንቋ ከታደሰ ወዲህ፣ እናትሽ የጻፈችው የጨርቅ ማስያ አልሠራም አለ። ደረትና ቁመት ስሰጠው የሚበቃውን ሜትር ይነግረኝ የነበረው፣ አሁን «ይበሉ የሚባል ቃል አላውቅም» ይላል።

መልሱን እንዲናገር የሚታዘዝበት ቃል መጀመሪያ «በል» ነበር። እናትሽ «የማላውቀውን እንዴት አንተ እላለሁ?» ብላ «ይበሉ» እያለች ብትጽፍበት፣ ስቀሽ ቋንቋው አክብሮቱንም እንዲቀበል አደረግሽላት። አንድ ቀን ተሳስታ «ይብሉ» ብላ ጽፋ አልገባኝም ቢላት፣ «ጋበዝኩት፣ እምቢ አለኝ» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በስልክ ስጠይቅሽ፣ ለአንድ ሥራ ሁለት ቃል ሲኖር በቋንቋው ከባድ ሥራ የሚሠሩትን ያምታታል ብለው ባልደረቦችሽ እንዳስወጡት፣ አንቺም እንደተስማማሽ ነገርሽኝ። «አባዬ፣ አንተ ካልክ እመልሰዋለሁ» ስትዪ ድምፅሽ ሰለለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በጸሎቴ መሐል ሳይቀር ይገባብኛል። የልጅ ልብስ ሲሰፋ ጫፉ ላይ ትርፍ ይታጠፋል፣ ልጁ ሲያድግ ይለቀቃል፤ ቋንቋሽም እንዲያ ቢሆን ብዬ ነበር። ትርፉ ሲበዛ ደግሞ ልብሱ ይጎረብጣል፤ እሱንም አላጣሁትም። ልቤን ስመረምረው ለጀማሪው አልነበረም የተቆረቆርኩት። ስለዚህ ለእኔ ብለሽ አትመልሽው። እንደ እሷ እየፈራ የሚጀምር ሰው ይደፍርበታል ካልሽ ግን ከባልደረቦችሽ ጋር አንድ ጊዜ ተነጋገሩበት።

ትናንት ቁጭ ብዬ የእናትሽን «ይበሉ» እያጠፋሁ «በል» አስገባሁ። እሷን የተቆጣሁ ያህል እጄ ከበደኝ። መጨረሻ ላይ ግን፣ ሥራው ሲያልቅ «እግዜር ይስጥልኝ» እንዲል በ«ይበሉ» ያዘዘችበት መስመር አለ። እሱን መንካት አቃተኝ። አሁን ማሽኑ ሜትሩን በትክክል ይነግረኝና በምስጋናው ፈንታ «ይበሉ የሚባል ቃል አላውቅም» ይላል። እኔ አውቀዋለሁ እለውና ጨርቁን እቆርጣለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ የሱሪውን ቁመት ይላክልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን እግዜር ይማርልኝ በያቸው። የትንሿን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። ለእናትሽም ሻማ አብሪላት።

አባትሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር ፲፬ ቀን