በስሜ የመጣብህ ክስ

ወንድምዓለም አልደን፣

እንደምን ከርመሃል? ጀርባህስ እንዴት ነው፣ መቀመጥ ቻልክ ወይስ አሁንም ቆመህ ነው የምትሠራው? ቲያ ደህና ናት? የልጃችሁስ ሳል ለቀቃት? ባሕሩ ጋብ ብሎ ጀልባዎቹ ወደ ደሴቶቹ መመላለስ ጀመሩ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ከዚያ ያለፈውን አትጠይቀኝ ልልህ ነበር፤ ግን የምጽፈው እሱኑ ልነግርህ ነው።

ስልኬን ማንሳት ካቆምክ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነህ። አልተቀየምኩህም። የመጨረሻ ንግግርህ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ «ሮዌና፣ የክሱን ወረቀት እያነበብኩ ነው። ፈጣሪ የሚለው ቦታ ላይ ያንቺ ስም አለ። ለጀልበኞቹ ምን ልበላቸው? እህቴ ከሰሰችኝ ልበል?» አልክና ዘጋኸው።  

አልከሰስኩህም። ስሙ ግን የእኔ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ መቀመጥ አቅቶኛል።

በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ በየሦስት ወሩ «የመከር ቀን» የሚሉት ነበር። አዳራሽ ውስጥ ፒዛ ይደረደራል፣ ጠበቆች ይመጣሉ፣ እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ በዚያ ሰሞን የሠራነውን እንናገራለን፣ እነሱ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት፣ የሚወጣለትን ይለቅማሉ። ትንሽ ነገር ነው ብሎ ዝም ማለት ነውር ነበር። በአንዱ የመከር ቀን አለቃዬ ኮንራድ ትከሻዬን መታ አድርጎ «በይ እንጂ፣ ቁልፍሽን ንገሪያቸው» አለኝ። ቁልፉን ታውቀዋለህ። ስክሪን ላይ አንዴ ሲጫኑት ይደበዝዛል፣ መልስ እስኪመጣ ዳግመኛ አይታዘዝም። ይኸው ነው። ይህን የማያደርግ ፕሮግራም ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁም።

ነገርኳቸው። ከየት እንዳመጣሁትም ነገርኳቸው። አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ ላንተ የሚረሳ ነገር ነበር። አባባ የእንጨት መሸጫውን ትዕዛዝ በኮምፒውተር መላክ በጀመረበት ክረምት፣ በዚያ ወፍራም ጣቱ ቁልፉን ሁለቴ እየመታ፣ አንድ መኪና ጣውላ ሲፈልግ ሁለት ይመጣበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለህ ቁልፉ እንዲደበዝዝ አደረግክለት። አባባም «አሃ፣ ከገረጣ ሰምቶኛል ማለት ነው» አለ። ከኮሌጅ ለእረፍት መጥቼ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

አዳራሹ ሳቀ። ጠበቃው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «የአባትሽ ታሪክ ደስ ይላል፣ እኔ ግን አልሰማሁትም» አለኝ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ለሠራው ነገር ፓተንት አይሰጥማ። ኮንራድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ከወራት በኋላ ወረቀቱ ለፊርማ ሲመጣ ቁልፍ የሚል ቃል አልነበረበትም። «የተጠቃሚው ትእዛዝ መድረሱን በሚታይ ለውጥ የሚያመለክት ማናቸውም ዘዴ» ሆኖ ነበር። ማናቸውም። ከሥሩ የመጀመሪያዋ ፈጣሪ እኔ መሆኔን በመሐላ አረጋግጣለሁ ይላል። ኮንራድን ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው አልኩት። «ለመከላከያ ብቻ ነው፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲመጡብን ደረታችን ላይ የምንይዘው። ትንሽ ሰው ላይ አናወጣውም፣ ቃሌ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። አመንኩት፣ አልደን። ማመን ሥራ ያቀላል።

መሥሪያ ቤቱ ሲፈርስ ወረቀቱ ከወንበሮቹ ጋር ተሸጠ። የገዛው ኩባንያ ሠራተኛ የለው፣ የሚሠራው ነገር የለው፤ ቴክሳስ ውስጥ ስም የተለጠፈበት የተዘጋ በር ነው። ወይ ፈቃድ ግዛ፣ ወይ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለጀልበኞቹ የሠራኸውን የትኬት መቁረጫ ፕሮግራም ዝጋ የሚለው ክስ የመጣብህ ከዚያ በር ነው።

ባለፈው ሐሙስ ኮንራድን ምሳ ጋበዝኩት። ታኮውን እየበላ ሰማኝ። «ወንድምሽ ቁልፉን በማደብዘዝ ፈንታ አድምቆ ይገላገላ!» ብሎ ቀለደ። አልሳቅኩም። ሐሳቡ የአልደን መሆኑን ያን ቀን ሰምተሃል፣ መስክርልኝ አልኩት። አፉን ጠረገ። «የኔ እመቤት፣ ስንት የመከር ቀን አሳልፌያለሁ፣ የቱን ላስታውስ?» አለኝ። ይህ ሰው «ከገረጣ ሰምቶኛል» የሚለውን የአባባን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ሲቀልድበት ኖሯል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ድምፁን አጎርንኖ፣ ጣቱን አወፍሮ ያሳይ ነበር። አየሁት። ፊቱ ምንም አልተለወጠም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናግረኝ እጁ ምን እንደያዘ አያለሁ። ሱቅ ውስጥ ሻጯ ፈገግ ስትልልኝ ምን ፈልጋ ነው እላለሁ።

ማክሰኞ የከሳሾቹ ጠበቃ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ማር ነው። «እርስዎ እኮ የፈጠራው እናት ነዎት» አለችኝ። የድሮው የሥራ ውሌ ወረቀቱን ከያዘው ጋር እንድተባበር ያስገድደኛል፤ በሜይ ቀርቤ እንድመሰክርላቸው ትፈልጋለች። ተከሳሹ ወንድሜ ነው ስላት «ታዲያ በቤተሰብ ቢያልቅ አይሻልም? ፈቃዱን እንዲገዛ ይምከሩታ» አለችኝ።

እመሰክራለሁ፣ ላንተ ግን። ትናንት ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ቀርቤ በመሐላ ቃሌን ሰጠሁ። ፈጣሪዋ እኔ አይደለሁም፤ ሐሳቡን ያየሁት ወንድሜ ለአባታችን በሠራው ፕሮግራም ላይ ነው፤ ይህን እያወቅኩ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ ብዬ ማልኩ ይላል። የማማክረው ጠበቃ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ተይው ብሎኝ ነበር። በመሐላ መዋሸት ያስጠይቃል፤ አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤትም ሲሰማ ላያቆየኝ ይችላል። እሱን ካወጣሁት ግን የቀረውን ማን ያምነኛል? አንዱን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ አንዱን ነገ ፈርቼ እንዳላስቀረው ለእነሱ ጠበቃ ልኬዋለሁ። እንጨት መሸጫው ጣሪያ ሥር ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ለአባባ የጻፍክለት መመሪያ መኖር አለበት፤ ቀን ተጽፎበታል። ፈልገው። የእኔ ቃል ብቻውን አይበቃም።

ይቅር በለኝ ለማለት ገና ነው። ስልኩን አንሳም አልልህም።

ቲያን አቅፈህ ሳምልኝ። ልጅቷን፣ አክስትሽ ትወድሻለች በልልኝ። ለጀልበኞቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ የሚቀበሉህ ከሆነ። ለእማማ ግን ምንም አትንገራት። መሥሪያ ቤቱ የሸለመኝን፣ ስሜና የፓተንቱ ቁጥር የተቀረጸበትን የነሐስ ሰሌዳ መመገቢያ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ እሁድ እሁድ ስትበሉ አንተ የምትቀመጠው ከሥሩ ነው። አታውርደው። ለፋሲካ መጥቼ እኔው አወርደዋለሁ፤ ለምን እንደሆነም አንተ ባለህበት እኔው እነግራታለሁ።

እህትህ ሮዌና
ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ
ማርች 14 ቀን 2013