በአይጦች የተያዘችው የዓይን ምርመራ መኪና

መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጭሮ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ስምሪትና ንብረት ጥበቃ ቡድን መሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለአይጦች ስለተደረገው መልካም መስተንግዶ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን ከነባርኔጣዬ አነሣለሁ። አዲሱ ዓመት እንዴት ይዞዎታል? ያለፈው የጭሮ ክረምት ዝናቡም ብርዱም በርትቶ ነበርና ጉልበትዎን አላመመዎትም፣ ቢሮዎም አላፈሰሰብዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኔ በኩል ደህና ነኝ። በእርስዎ ጥበቃ ሥር የሚገኙት አይጦችም እጅግ ደህና ናቸው፤ ወፍረዋል፣ ወልደዋል፣ ጎረቤትም ጠርተዋል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሲፈን ኩማ እባላለሁ። አምና በኦፕቶሜትሪ ተመርቄ፣ ከግንቦት መባቻ ጀምሮ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለሁ ሠራተኛዎ ነኝ። የተቀጠርኩት በተንቀሳቃሽ የዓይን ምርመራ መኪናችን ከከተማ ከተማ እየዞርኩ የሰው ዓይን እንድለካ ነው። በግንቦትና በሰኔ ከሹፌራችን ከካሚል ጋር ሆነን ጭሮ፣ ሂርናና መቻራ ላይ የመቶ አርባ ሦስት ሰው ዓይን ለክተን፣ ለእያንዳንዱ የሚሆነውን የንባብ መነጽር መዝግበን ነበር። መነጽሮቹ ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን ደረሱ። አንድ በአንድ ስም እየለጠፍኩ አሰርኳቸው፣ መኪናዋ ላይ ጫንኳቸው፣ የሚታደሉበት ቀን ሲመጣ ምን እንደምለብስ እንኳ አስቤ ነበር። በነጋታው ግን የእርስዎ ትእዛዝ ደረሰን፦ ክረምት ስለገባና መንገዱ ስለሚበላሽ፣ መኪናዋ ከሐምሌ አንድ እስከ መስከረም ሠላሳ መጋዘን ገብታ ታሽጋ ትቀመጥ፤ በውስጧ ያለውም ንብረት አብሮ ይታሸግ።

ታሽጋ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ሁሉ ውለታዎን በቁጥር ልዘርዝር፤ ሳልቆጥረው የቀረ ካለ በእኔ ልምድ ማነስ ይታለፍልኝ።

1ኛ. ስለ መኖሪያ ቤቱ ምርጫ አመሰግናለሁ። በግቢያችን ውስጥ ጣሪያው የማያፈስ ብዙ ቦታ ሳለ፣ መኪናዋ የአልሚ ዱቄት ጆንያ ከተደረደረበት መጋዘን እንድትገባ መወሰንዎ አርቆ ማሰብ ነው። ለአንድ አይጥ ምግቡና መኝታው በሦስት እርምጃ ርቀት ሲዘጋጅለት ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ራሴ ጭሮ ውስጥ ለመሥሪያ ቤቴ የሚቀርብ የኪራይ ቤት ስፈልግ አራት ወር ፈጅቶብኛል። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ እትዬ ወለተጊዮርጊስ የጆንያዎቹ አፍ መቀደዱን በጽሑፍ ሲያሳውቁና አንዲት ድመት እንድትፈቀድላቸው ሲጠይቁ፣ ድመት በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ስለሌለች ወደ መጋዘን መግባት እንደማትችል መልስ ተሰጥቷቸዋል። አይጦቹ በየትኛው መዝገብ እንደገቡ ግን እስካሁን አልተገለጸልንም።

2ኛ. ስለ ማህተሙ አመሰግናለሁ። ቀደም ባለ ክረምት ከመኪናዋ ላይ ክሪክና ቅያሪ ጎማ ስለጠፋ፣ በዚህ ክረምት በሮቿም ኮፈኗም ነጭ ወረቀት ተለጥፎባቸው፣ በወረቀቱ ላይ ሦስት የኮሚቴ አባላት ፈርመው፣ በፊርማው ላይ ክብ ማህተም አርፎበታል። ሥራው እንከን የለውም፤ እስከ ዛሬ አንዲት ወረቀት አልተገነጠለችም። የሚያሳዝነው አይጥ በበር የመግባት ልማድ የሌለው መሆኑ ነው። በጎማው በኩል ሽቅብ ይወጣል፣ ሞተሩ ላይ ትንሽ አረፍ ይላል፣ ከዚያ ሽቦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሾልኮ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማህተም አይነካም፣ ሰነድ አያበላሽም። ካሚል በሐምሌ አጋማሽ በመስኮቱ አጮልቆ ሲያይ የገዛ ወንበሩ ስፖንጅ ተዘርግፎ፣ አንዲት ወላድ አይጥ መሐሉ ላይ ተኝታ አገኛትና፣ “እኔ እንኳ በሰባት ዓመት ውስጥ በዚህ ወንበር እንደዚህ ተመችቶኝ አያውቅም” አለ።

ወዲያው አሳወቅን። ማሸጊያው የሚነሣው የፈረሙት ሦስቱም አባላት በአካል ተገኝተው ሲፈርሙ ብቻ ነው ተባልን። ከሦስቱ አንዱ ወደ ሌላ ዞን ተዛውረዋል፤ ሁለተኛው ለትምህርት ሄደዋል፤ ሦስተኛው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ መስከረም ሠላሳ ቢያልፍም፣ ኅዳርም ቢመጣ፣ መኪናዋን የሚከፍታት ሰው የለም ማለት ነው። ሌባ እንዳይነካት ተብሎ የተለጠፈው ወረቀት የሚያድናትንም ሰው አብሮ ከለከለ።

3ኛ. ስለ አይጥ መድኃኒቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ብዙ ሰው መሥሪያ ቤታችን ምንም እንዳላሰበ ያወራል፤ ሐሰት ነው። ሁለት ካርቶን መድኃኒት ሰኔ ላይ በደንቡ መሠረት ተገዝቷል። ኮሚቴው ግን መድኃኒቱ በመኪናዋ ስም የተገዛ ንብረት ስለሆነ ከመኪናዋ ተለይቶ መቀመጥ የለበትም ብሎ፣ ካርቶኑን እንደታሸገ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ማህተሙን መታበት። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ “ታዲያ አይጡ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ላስቲኩን ቀዶ፣ በልክ በልኩ አድርጎ ይውሰድ ነው እንዴ ነገሩ?” ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ኋላ በመስኮት እንዳየነው አይጦቹ ካርቶኑን በልተው ለልጆቻቸው አንጥፈውታል፤ መድኃኒቱን ግን ላስቲኩ ውስጥ እንዳለ በክብር ትተውታል። ንብረቱ ሳይጎድል መገኘቱን በዚህ አጋጣሚ አረጋግጣለሁ።

4ኛ. ነሐሴ ሦስት ቀን ስለጻፉት ሰርኩላር። “አይጥ ወደ ተሽከርካሪው እንዳይገባ ጥብቅ ክትትል ይደረግ” የሚለው ትእዛዝ፣ ከመጋዘኑ መቶ ሜትር ርቆ የግቢው በር ላይ ለሚቀመጡት ለጥበቃችን ለኦቦ ሌሊሳ በፊርማ ደርሷቸዋል። ኦቦ ሌሊሳ ትእዛዝ የሚያከብሩ ሰው ናቸውና ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ፣ “ልጄ፣ እኔ በበር የሚገባውን ሰው መታወቂያ አሳየኝ ነው የምለው፤ አይጥን ምን ብዬ ላስቁመው?” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዙሩ የመጋዘኑን ቆርቆሮ በዱላቸው ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ አይጦቹም መጀመሪያ ይደነግጡ እንደነበር፣ አሁን ግን ከውስጥ ሆነው ፀጥ ብለው እስኪጨርሱ እንደሚጠብቋቸው ነግረውኛል።

5ኛ. የካሚልን ምክር ስላልተቀበሉ። ካሚል ሂርና ጋራዥ ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ ጫት የጫነ መኪና ሁሉ በእጁ አልፏል። ገና ሰኔ ላይ፣ መኪናዋ ከመቆሟ በፊት፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሐሳብ አቅርቦልዎት ነበር፦ ወለሉ ከጫት ገረባና ከለውዝ ቅርፊት ተጠርጎ ይጽዳ፣ ዱቄት አጠገብ አትቁም፣ ቀዳዳዎቿ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይደፈኑ፣ ወጥመድ ከውጭ በጎማዎቹ ዙሪያ ይጠመድ፣ ኮፈኗ ክፍት ይሁንና ብርሃን ይግባላት፣ በየሳምንቱም ሞተሯ ተነሥቶ ትንሽ ይሙቅ። “መኪና ስትቆም ነው የምትታመመው፤ ካላሞቅናት አይጥ ቤቴ ነው ይላታል” ብሎ በቃል አክሎበታል። ለዚህ የተሰጠው መልስ ሐሳቡ ከሹፌር የሥራ ዝርዝር ውጭ ነው የሚል ነው። እውነትዎን ነው። የአይጥ የሥራ ዝርዝር ግን በሚገባ ተፈጽሟል፤ ካሚል ባለፈው ሳምንት መሬት ላይ ተኝቶ በስልኩ መብራት ከሥር ሲያያት የፊት መብራቷ ሽቦ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፣ ወደ ባትሪው የሚሄደውም ግማሹ ተግጧል። ዛሬ ቢከፈትልኝ በሁለት ቀን አስነሣታለሁ ይላል፤ በጥቅምት ግን ምን እንደሚያገኝ እንጃ።

ክቡርነትዎ፣ እስከዚህ ድረስ ስቄ የጻፍኩት ነው። የሚቀጥለውን እየሳቅኩ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

መቻራ ውስጥ አዴ ሉባባ የሚባሉ ልብስ ሰፊ አሉ። ሰኔ ላይ ስለካቸው መርፌ ቀዳዳው ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መሞከሪያውን መነጽር ዓይናቸው ላይ ሳደርግላቸው የራሳቸውን ጣት ገልብጠው ገልብጠው ሲያዩ ቆዩና፣ “እንዲህ ተሸብሽቤያለሁ እንዴ? አልሃምዱሊላህ፣ ብቻ ይታየኝ” አሉኝ። መሞከሪያውን መልሼ ወሰድኩት። የእርስዎን በሁለት ሳምንት አመጣለሁ አልኳቸው። ተመርቄ ለሰው የገባሁት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

ባለፈው እሑድ ደወሉልኝ። የመኪናዋን ወሬ ከካሚል ሰምተዋል። “ያ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ መነጽሬን አይጥ አደረገው አሉ፤ እንግዲህ ከእኔ ቀድሞ ቁርዓን ሊቀራ ነዋ!” ብለው ቀለዱና ቀጥሎ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ለዘንድሮ ትምህርት የስልሳ ልጅ ዩኒፎርም ተቀብለው ሃያውን ሳይሰፉ ለባለቤቶቹ መመለሳቸውን ነገሩኝ። መርፌው ጨርቁን ትቶ ጣታቸውን ነው የሚያገኘው። “ከመስቀል በኋላ ባለው ሐሙስ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? ከቀረሽ አልቀየምሽም፤ ብቻ ቁርጡን ንገሪኝ። ማሽኑን የሚገዛኝ ሰው ተገኝቷል፣ እስከ ሐሙስ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ።”

እመጣለሁ አልኳቸው። አስቤ አይደለም፤ ከአፌ ወጣ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና፣ ያለ መኪና፣ ያለ መነጽር፣ በባዶ እጄ መቻራ ሄጄ ምን እንደምላቸው ሳስብ ዋልኩ። መነጽሮቹ ብቻ እንዲወጡልኝ ከሐምሌ ጀምሮ አምስት ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። አምስቱም ጠርዛቸው ላይ “ይታይ” ተብሎ ተመልሰውልኛል፤ ያየልኝ ግን አላገኘሁም።

ስለዚህ በፍጹም ትሕትና የማሳውቅዎ ይህን ነው። ከመስቀል በኋላ በሚውለው ሰኞ፣ መስከረም 19 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘኑ በር ላይ እገኛለሁ። ካሚል መፍቻውን ይዞ፣ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ቁልፉን ይዘው፣ ኦቦ ሌሊሳ ደግሞ በምስክርነት ይቆማሉ። እርስዎ መጥተው በገዛ እጅዎ ማሸጊያውን ቢያነሡልን ክብሩ የእርስዎ ነው፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ስምዎን በመጀመሪያው መስመር አስቀምጣለሁ። እስከ ሦስት ተኩል ድረስ ካልመጡ ግን ወረቀቱን እኔ እገነጥለዋለሁ። ካሚልም አይነካው፣ እትዬም አይነኩት፤ እኔ ብቻ። በውስጧ ያለውን ሁሉ፣ አይጦቹንም ጨምሮ፣ ቆጥሬ በፊርማዬ አስረክባለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ከግማሽ እንደቀረኝ፣ ማህተም መቅደድም ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ ደንቡን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ እንደ አይጦቹ ዙሪያውን የሚያስኬድ ቀዳዳ አላገኘሁበትም። ብባረርም ከሐሙስ በኋላ ይሁንልኝ፤ የስንብት ደብዳቤዬን ከመቻራ መልስ በደስታ እፈርማለሁ።

ለአይጦቹ ያሳዩት ርኅራኄ ተርፎ ለሰውም እንዲደርስ የምመኝ፣ ጤናዎንና ዕድሜዎን፣ በተለይም የሰኞ ጠዋት ጊዜዎን አምላክ እንዲያበዛልዎ የምጸልይ፣ ለጊዜው ታዛዥ ሠራተኛዎ

ሲፈን ኩማ
የዓይን ምርመራ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሹፌር ካሚል (መፍቻው እንዳይረሳ)
ለጭሮ፣ ለሂርናና ለመቻራ ተመዝጋቢዎች
ለአይጦቹ (በኮፈኑ በኩል)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ለሐሙስ መዝገቡን ሳዘጋጅ፣ የጭሮው የመጀመሪያ ቀን ገጽ ላይ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ስምዎን አገኘሁት። “ለእኔ እንኳ አያስፈልገኝም” እያሉ ተቀምጠው ወረቀቱን ክንድዎ እስከሚደርስበት ዘርግተው ያነበቡት ትዝ አለኝ። በመነጽር ልክ ፕላስ ሁለት ተኩል ነዎት። መነጽርዎ በስምዎ ታስሮ፣ ከአዴ ሉባባ መነጽር ጎን፣ እርስዎ ራስዎ በፈረሙበት ወረቀት ታሽጎ ተቀምጧል። ስለዚህ ስለ አምስቱ ደብዳቤዎቼ በልቤ ያሰብኩትን ክፉ ነገር ሁሉ አንሥቻለሁ፤ ለካ ንቀት አልነበረም፣ ፊደሉ ነው ያስቸገረዎት። ሰኞ መጥተው መነጽርዎን ሲቀበሉ ሁሉንም በራስዎ ዓይን ያነቧቸዋል። ይህችኛዋን ግን እስከዚያ ጸሐፊዎ ያንብቡልዎት፤ አንዲት መስመር ሳይዘሉ።