ድዴ ሲደማ

ጥቅምት 4
ዘይት ተገዛ። ከሁዳ ጋር ስለ ቴሌቪዥኑ ድምፅ ተጨቃጨቅን፤ ልጄ ናት፣ ግን እንደ አማት ትቆጣኛለች። ከሰዓት ጓደኛዬ መይሙና ጋ። እንደ ልማዳችን ጓሮዋ ተቀምጠን ሁለት ሁለት ሲጋራ አጨስን። ታይፒስቶች ሳለን የጀመርነው… ሠላሳ ስምንት ዓመት! ሰፈራችን አፍንጮ በር አያውቅም። ወይስ ያውቃል?
እሷ ጥርስ የሚባል አልቀራትም። "ዕድሜ ነው ሸፊቃ" ትላለች። የኔም አንዱ የታች የፊት ጥርሴ በምላሴ ስነካው ይነቃነቃል። ምንም አይደለም።

ጥቅምት 11
ዳቦ ስገምጥ ጥርሴ ከዳቦው ጋር ወጣ። ጉድ እኮ ነው! ብዙም አልደማ፣ አላመመኝም። አጠገቡ ያሉት ሦስቱም ይነቃነቃሉ። እነሱም ከሄዱ በምን ፊቴ ሰው መሀል አወራለሁ?

ጥቅምት 13
ሁዳ እየጎተተች አራት ኪሎ ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ዶክተር ሉልሰገድ ይባላል፤ ለስላሳ ሰው። "እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?" አለኝ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች። "ኧረ በአላህ! እኔ?" ዋሸሁ። የጠቆረውን የጥርሴን ጀርባ በመስተዋቱ አየ። አጸዳልኝ። "ሦስቱን ላናተርፋቸው እንችላለን።" ታክሲ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ።

ጥቅምት 14
ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ነገርኩት። ሁሉንም… ልጅ ሆኜ ጥርሴን ሲያመኝ እናቴ የእንቧይ ፍሬ ፍም ላይ አድርጋ በጭሱ ታጥነኝ ነበር። ትሉን ያወጣዋል ብላ። እኔም የሲጋራውን ጭስ ለጥርሴ መድኃኒት ነው ስል ኖርኩ። ባመመኝ ቁጥር አንድ እጨምራለሁ!
አልሳቀብኝም። "የጥርስ ትል የሚባል የለም እማማ። ድድዎንም አጥንቱንም የጎዳው ሲጋራው ነው። ካቆሙ ሦስቱን ለማትረፍ እንሞክራለን። ካላቆሙ የኔ ማጽዳት ብቻውን አይበቃም።"

ጥቅምት 15
አላጨስኩም።

ጥቅምት 17
አላጨስኩም። ሁዳን ያለምንም ምክንያት ተቆጣኋት። እጄ ሥራ ፈትቶ የሻሼን ጫፍ ሲፈትል ዋለ።

ጥቅምት 24
ደም! ጥርሴን ስቦርሽ የተፋሁት ውሃ ቀይ። ሳጨስ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ደምቶ አያውቅም። ማቆሜ ጎዳኝ እንዴ?
መይሙና ጋ ሮጥኩ። "አየሽ? ሰውነትሽን የለመደውን ከልክለሽው ነው። በይ አንድ ሳቢ" አለች፤ ለኩሳ ሰጠችኝ። ሳብኩ። ሁለቴ። ከዚያ ጣልኩት። በሷም በራሴም ተናድጄ ወጣሁ።

ጥቅምት 25
ሐኪሙን ጠየቅኩት። "ድድዎ ድሮም ታሞ ነበር። ሲጋራው ደሙን ስለሚያፍነው ነው ያልታየዎት። አሁን ደም እየተመለሰለት ነው። አይፍሩ፣ መቦረሹን አይተዉ።" ለካ ጥርሴ ሲወልቅ ያልደማው ጤነኛ ስለሆነ አይደለም! እኔ ደግሞ ጠንካራ ነኝ ስል…
ማታ እራት ላይ ማጨሴን ለሁዳ ነገርኳት። "እማዬ፣ ልብስሽን የማጥበው እኔ እኮ ነኝ" አለችና ወጥ ጨመረችልኝ። ዋይ ውርደቴ! ግን ቀለለኝ።

ኅዳር 20
ደሙ ቆመ ማለት ይቻላል። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት አንዲት ሲጋራ ተደብቄ አጨስኩ። አንዷን ብቻ። በማግስቱ እንደገና ተውኩ።

ጥር 20
ዶክተሩ ሦስቱንም በመሣሪያው ነካ ነካ አደረጋቸው። ሁለቱ ጠብቀዋል። አንዱ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ግን ይቆያል አለኝ። "ካልተመለሱበት ሁሉም ይቆያሉ።" እልል ልል ምንም አልቀረኝ።
በቀጥታ መይሙና ጋ። በስልኳ መብራት አፌን ስታይ ቆየች።
"ለኔስ መሽቷል።"
"አልመሸም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠሩልሻል፣ ጠይቄልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ድድሽ ይዳን።"
"አጫሽ ናት አልሽው?"
"አላልኩም። አንቺው ትነግሪዋለሽ።"
"ሰው እየሰማ?"
"አጠገብሽ እቆማለሁ።"
ከደረቷ የሲጋራ ፓኬቷን አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።
"ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?" አለችኝ።