የተጋደመው የማንጎ ዛፍ

ይድረስ ለአባዬ፣ ግንባሩ ላይ መዥገር አስሮ ለሚተኩሰው፤

ከተለያየን ማንጎው አንዴ አበበ፣ አንዴ በሰለ፣ ይኸው አሁን ደግሞ ተለቅሞ ሊያልቅ ነው። ለጤናህ እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህም «ካንተ እሻላለሁ» ነው የምትለኝ፣ አሁን ደግሞ እውነትህን ሳይሆን አይቀርም። እኛ ደህና ነን። ለወጉ ያህል አይደለም የምልህ። እንበላለን፣ እንጣላለን፣ ደግሞ እንስቃለን፤ ሳቁን ከማን እንደወረስነው አንተው ታውቃለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ቡናማዋ ፍየል መንታ ወለደች። አንዱ ግልገል አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ሲያይ ቁርጥ አንተን ነውና «እንድሪስ ብለን እንጥራው» ብል፣ እማዬ ነጠላ ጫማዋን ወረወረችብኝ። ሳተችኝ። የተኳሽ ሚስት ሆና፣ አጠገቧ ቆሜ ሳተችኝ! እሷ አሁን በገበያ ቀን ማንጎ ጭና ባምባሲ ድረስ ትሄዳለች፤ ኦሮምኛዋም ዋጋ ከመጥራት አልፎ ሰው መስደብ ላይ ደርሷል። ታናሼ ዘሀራ በቁመት አልፋኛለች፤ ይሄን የጻፍኩት ከኋላዬ ቆማ ስለምታነብ ነው እንጂ አላለፈችኝም። እኔም አሶሳ ከተማ ፎቶ ቤት ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ገብቶ ሁለቴ የወጣው ልጅህ ዛሬ የሰው ሙሽራ ያሳምራል፤ ያኮረፈችበትን ቆርጦ የሳቀችበትን ይቀጥላል።

ደብዳቤው ያንተ ቢሆንም ሌላ ሰው እጅም ሊገባ ይችላልና ጨዋታችንን ላስረዳ። ማንጎ በሚበስልበት ሰሞን የኛ የሰፋሪዎቹ መንደርና ከወንዙ ማዶ ያለው የጋሽ አጣሂር መንደር ትልቁ ዛፍ ስር ይገጥማሉ። መሣሪያው ከባላ እንጨትና ከብስክሌት ጎማ ላስቲክ የተሠራ ወንጭፍ ነው። የሚመታው ግን ማንጎው አይደለም፤ የተንጠለጠለበት ቀጭን ዘንግ ነው። ፍሬው ሳይነካ ወርዶ ከስር በተዘረጋው ጋቢ ላይ ካረፈ ተቆጠረ። ጠጠሩ ፍሬውን ካገኘው «ቆሰለ» ይባልና ተኳሹ እዚያው ሰው ፊት ቆሞ ከነልጣጩ ይበላዋል።

አንተ ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ ልጅ ነበርክ፤ ማንጎ የሚባል ነገር በዓይንህ አይተህ አታውቅም። መተኮስ ያስተማረህ ጋሽ አጣሂር ነው። አንተ ቤርታኛ አታውቅ፣ እሱ አማርኛ አያውቅ፤ በጠጠር ተግባባችሁ። ከዚያ ወዲህ ሽበት እስክታወጡ ድረስ እሱ የማዶው፣ አንተ የወዲህኛው የመጨረሻ ተኳሽ ሆናችሁ ስትሰዳደቡ ኖራችሁ።

ካሜራዋን ሳመጣ ትዝ ይልሃል? የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ በላስቲክ ማሰሪያ ግንባር ላይ የምትታሰር። የፎቶ ቤቱ ባለቤት «አርጅታለች፣ ውሰዳት» ብሎ ነው የሰጠኝ። ሳስርልህ «ኧረ ይቺን መዥገር ንቀልልኝ» አልክ፤ ስሟ በዚያው መዥገር ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ሠርቼ ሳሳይህ ግን አንተ ራስህ መዥገር ሆንክብኝ፤ «ድገመው፣ ድገመው» እያልክ። ላስቲኩን የለቀቅክበት ቦታ ላይ የፍየል ጩኸት አስገብቼ ነበር። ጠጠሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ፍየሏ ትጮሃለች፣ ማንጎው ይወርዳል። ከበርጩማህ የወደቅከው ያኔ ነው። ጋሽ አጣሂር የሳተበት ላይ ደግሞ የሰርግ እልልታ ጨመርኩለት። በማግስቱ ዱላ ይዞ ሲፈልገኝ ዋለ። ሲያገኘኝ ዱላውን ዛፍ ላይ አስደገፈና፣ «እስቲ ያንን እልልታ አሳየኝ» አለ።

ያን ሰሞን ነው ሁለታችሁ እየሳቃችሁ እጅ ለእጅ የተማታችሁት፤ ከሁለታችሁ ቀድሞ የሞተው ሰው ወንጭፍ ለቀሪው ይሁን፣ ከሟቹ ቤት አንድ ሰው በሦስት ጠጠር አንድ ማንጎ በደንቡ ካላወረደ በቀር። ቀልድ መስሎን ነበር። ክረምቱ ሲገባ ታመምክ፣ ብዙም ሳትቆይ ሄድክ። ጋሽ አጣሂር ለቅሶ ላይ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ሰው ሲበተን ግን ከምሰሶው ላይ ወንጭፍህን አወረደና በሻሽ ጠቀለለው። «አደራ እኔ ጋ ይቀመጣል። ማንጎ ሲደርስ ትተኩሳላችሁ። ቃል ቃል ነው። እኔ ብሞት ኖሮ እንድሪስ ይተውልኝ ነበር? ወላሂ አይተውም!» አለ። እማዬ ልትቆጣ ቃጣትና ተወችው። እውነቱን ነዋ! አንተ ብትሆን ለቅሶው ሳይነሳ ነበር የምትወስድበት።

ያ ወንጭፍ እጀታው ያንተን መዳፍ ቅርጽ ይዟል፣ አባዬ። ካንተ ዕቃ ሁሉ እማዬ የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር። ልብስህን ለሰው ስትሰጥ እንኳ አልተከዘችም፤ ባዶውን ምሰሶ ስታይ ግን የያዘችውን ትታ ትወጣለች።

እኔ መተኮስ እንደማልችል ታውቃለህ። ዘንግ መታሁ ብዬ የእማዬን የውሃ ጀሪካን የበሳሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ዘሀራ ላይ ወደቀ። ዘሀራ ደግሞ ሁልጊዜ ከዛፉ ስር ጋቢ ዘርግታ ሽቅብ ማንጎውን እንጂ አንተን ስታይ አልኖረችም። «ችግር የለም» አልኳት፤ «የአባዬ ቪዲዮ አለኝ፣ እሱ ያስተምርሻል።» በስልክ ሰጠኋት። ከማንጎው ማበብ ጀምሮ ያንን እያየች ጓሮ ያለው ትንሽ ዛፍ ላይ ትተኩሳለች። ባላውን ልክ እንዳንተ ወደ ግራ ጋደም ታደርጋለች፣ ላስቲኩን እስከ ጉንጯ ትስባለች፣ ትለቃለች። ጠጠሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ! እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥ፤ በሳተች ቁጥር በአፌ እንደ ፍየል እጮህላታለሁ። አንድ ቀን ወንጭፏን መሬት ላይ ጣለችና፣ «ይሄ አባዬ አይደለም! አንተ የሠራኸው ሰውዬ ነው!» ብላ ጥላኝ ገባች።

ነገሩ ቆየት ብሎ ነው የገባኝ። መዥገሯ የቀረፀችው ሁሉ ዛፉ ጋደም ብሎ ነበር። አንገትህን የሚያምህ ይመስለን ነበርና ግንባርህ ያዘነበለው ለዚያ ነው ብዬ፣ ተመልካችን እንዳያዞረው ምስሉን አቅንቼ ዛፉን ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፤ ያኔ ወንጭፍህ ብቻውን የተጋደመ መሰለ። ደግሞ ከመተኮስህ በፊት ያለውን ረጅም ዝምታ ሰው ይሰለቻል ብዬ ቆርጬ ጣልኩት። በፎቶ ቤት ደንብ ጥሩ ሥራ ነበር።

ደግነቱ ሰነፍ ነኝ፤ ያልተነካውን ሚሞሪ ካርዱ ላይ አልሰረዝኩትም። አርብ ከሰላት በኋላ ላፕቶፕ ተውሼ ቤት አመጣሁና ከፈትነው። ትልቁ ዛፍ በጎኑ ተጋድሟል፤ ወንጭፍህ ግን መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማየት ሲያቅተን እማዬ አንገቷን አዘነበለች፣ ዘሀራ አዘነበለች፣ እኔም አዘነበልኩ፤ ጭልፊት እንዳየ ዶሮ ሦስታችንም ሰልፍ ሠራን። ያኔ ድምፅህ መጣ። የቆረጥኩት ዝምታ ለካ ዝምታ አልነበረም። ነፋሱ እስኪቆም እየጠበቅክ ማንጎዋን ታባብላታለህ፤ «ነይ እንግዲህ የኔ እመቤት፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ነፋሱ ይለፍና ትወርጃለሽ» ትላታለህ። እማዬ አፏን በሻሿ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እኔን እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም!» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ስንት ማታ አንገቱን በቅባት ያሸሁለት! ምንም አላመመውም ነበር ማለት ነው፣ ይሄ ውሸታም!» ስታሽልህ ደስ ስለሚልህ ዝም ብለህ እንደነበር አሁን ነቅተንብሃል፤ እዚያ ሆነህ እፈር።

እኔና እማዬ ስንሳሳቅ ዘሀራ አንገቷን እንዳዘነበለች ተነስታ ወጣች። አላቃናችውም፤ እንደዚያው ሆና ጓሮ ሄደች። ጆሮዋን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ ባላውንም አብሮ አጋደመችው። ስትለቅ ድምፁን ሰማን፤ ቀጭ! ማንጎው ወረደ። ፍየል ሆኜ ልጮህላት የከፈትኩትን አፌን ዘግቼ ማንጎዋን ላነሳ ሮጥኩ።

የግጥሚያው ዕለት ጋሽ አጣሂር ወንጭፍህን ከሻሹ ፈታ። ላስቲኩን በዘይት አሽቶ፣ እንጨቱን ወልውሎ ነው ያመጣው። ለዘሀራ ሰጣትና፣ «እንግዲህ አንተ ዘሀራ፣ ሦስት ጠጠር። ካልሆነ ኸላስ፣ የኔ ነው» አላት። መቼም በሱ አማርኛ እማዬም አንተ፣ ዘሀራም አንተ፣ ፍየሏም አንተ ናት። መዥገሯን እህቴ ግንባር ላይ አሰርኩና ጋቢውን ይዤ ከዛፉ ስር ገባሁ።

የመጀመሪያውን ጠጠር ቸኮለች፤ ቅጠል ብቻ ወረደ። ሁለተኛው ፍሬውን አገኘው፤ ቆሰለ። ከነልጣጩ በላችው፣ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ፣ የማዶ ሰዎች «ጨው ጨምሩላት!» እያሉ ሳቁባት። እማዬ ፊቷን አዙራ ወንዙን ታያለች። ሦስተኛውን ጠጠር ላስቲኩ ላይ አድርጋ አንገቷን አዘነበለችና ቆመች። ነፋስ ነበር። ቆመች፣ ቆመች። እጄ ዛለ። ጋሽ አጣሂር ትዕግሥቱ አለቀና፣ «ኧረ ተኩስ፣ አንተ ልጅ! ማንጎው በርበሬ አይደለም፣ አይደርቅም!» ብሎ ጮኸ። ዘሀራ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቅጠሉ ዝም ሲል ለቀቀችው።

ማንጎዋ መጥታ ጋቢዬ ላይ ቁጭ! እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ታውቀኛለህ፤ ቶሎ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኳትና ባዶውን ጋቢ አራግፌ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰው ሁሉ «ወይኔ!» አለ። ጋሽ አጣሂር አሸነፍኩ ብሎ አልዘለለም፣ አባዬ። ጥላ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና፣ «ልጁ ይድገም፣ አንድ ጠጠር እኔ እጨምራለሁ» አለ። ሃምሳ ጊዜ ስትሰድበው የኖርከው ሰው ይሄ ነው። ማንጎዋን ከሸሚዜ ሳወጣ ዘሀራ በወንጭፉ እስከ ወንዙ አባረረችኝ፤ ጋሽ አጣሂርም ዱላውን ይዞ ተከተላት፤ መዥገሯ ሁሉንም ቀርፃለች። እማዬ ስትስቅ ከሩቅ ይሰማል።

ወንጭፍህ ምሰሶው ላይ ተመልሷል። እማዬ ስታልፍ በእጇ ነካ ታደርገዋለች።

የዘሀራን ቪዲዮ ለመሥራት ስቀመጥ ደግሞ ያንን ረጅም መጠበቅ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ምን ትላለች መሰለህ? «ነይ እንግዲህ የኔ እመቤት።» በራሷ ድምፅ፣ ባንተ አባባል። ይሄን ለማንም አልነገርኩም፤ አሁን ከኋላዬ ስላለች ሰማች፣ ጀርባዬን እየደበደበችኝ ነው።

ጋሽ አጣሂር ወንጭፉ ቢያመልጠውም ያንተን ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ስልኩ ላይ ጫንኩለት። አንገት ማዘንበል አይሆንለትም። ስልኩን ግድግዳ ያስደግፍና ዛፉ ቀጥ እንዲልለት በጎኑ ተጋድሞ ነው የሚያይህ። ቤቱ ስሄድ ሁለታችሁም ታወራላችሁ፤ አንተ ለማንጎዋ፣ እሱ ላንተ።

እኔ የሰው ሰርግ እየቆረጥኩ እኖራለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ያንተን ግን ዳግም አልነካውም። ስትጠብቅ አብሬህ እጠብቃለሁ፣ ስታዘነብል አዘነብላለሁ። አላህ ካለ ልጆች ይኖሩኛል፤ እኔን የመሰሉ እንዳይሆኑ ዱዓ አድርግልኝ። «ይሄ ዛፍ ለምን ተጋደመ?» ብለው ሲጠይቁኝ ቪዲዮውን አላቃናላቸውም። «አንገታችሁን አዘንብሉ፣ ዝም ብላችሁም ስሙ፤ አያታችሁ እዚያ ቆሞ ነፋሱ እስኪያልፍ እየጠበቀ ነው» እላቸዋለሁ።

አስቸጋሪው ልጅህ፣
ሰይድ